አገረ ገዥያችን በሴኔት ፊት

ናይሮቢ

እህቴ ሲዮምቡዋ፣ እግርሽ ተሻለሽ ወይ?

ዛሬ አገረ ገዥያችን ሴኔት ፊት ሲቀርቡ ተመልካች ሆኜ ገባሁ። ክሱ ተነብቦ ሲያልቅ "በቃ፣ ተሻሩ!" ብል አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ሳቁብኝ። "ምን ያጣድፍሻል አንቺ ሴት? የካውንቲው፣ የግዛታችሁ ምክር ቤት ከሰሰ እንጂ መች ሻረ! መጀመሪያ እሳቸው ይናገራሉ፤ ከዚያ ሴናተሮቹ በየክሱ ድምፅ ይሰጣሉ።" እውነትም ሲናገሩ የሚጠሏቸው ሳይቀሩ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

እኛ ያኔ ሙኤኒን ከማኅበራችን ስናባርር ምን ትያለሽ ብለን አልጠየቅናትም፤ የእኔም እጅ ወጥቶ ነበር። በመጪው እሑድ ስብሰባ ትባረር በተባለችው በካሎንዱ ላይ ግን፣ አደራሽን፣ ሳትናገር ድምፅ አታሰጪባት፤ ሊቀመንበሯ አንቺ ነሽ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ናፍቃችሁኛል። ለስብሰባው እደርሳለሁ፤ ከካሎንዱ ጎን ወንበር ያዢልኝ።

ያንቺው ንዱንጌ