ከጣሪያችን ስለጠፋው ጭስ

ኅዳር ፲፪ ቀን፤ ብርቱ ብርድ፣ ነፋስ የለም። በቦታው የነበርነው፦ እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እኅቴና የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪ።

ለተከበሩ የቤት ውስጥ ኃይል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መስኮት ሰፊና ክፍት ይሁን እያልኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በአንድ ጋዝ መብራትም ሙቅ ውኃም የሚሰጠውን ማሽን ቤታችን ውስጥ ከእኅቴ ክፍል ጎን ስለተከሉልን አመሰግናለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚሉትን አፍ አስይዘዋል። ዋጋው የሚያስደነግጥ ቢሆንም ግማሹን በድጎማ ችለውልናል፤ የመብራት ሂሳባችንም እውነትም ቀንሷል፤ አልክድም።

፪. የማሽኑ ሙቀት እንዳይባክን መስኮቶቻችንን በፕላስተር ስላሳሸጉልን። ከዚያ ወዲህ እኅቴን ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት ታንቀላፋለች። ተቆጣጣሪዎ «እትዬ፣ ቤት ሲሞቅ እኮ እንቅልፍ ይጥማል» ብሎ አጽናናት። «ታዲያ እንቅልፍ ያስታውካል እንዴ ልጄ?» አለችው። ሳቀ፤ እኛም ለጨዋነት ሳቅን።

፫. ስለ አየር ንጽሕና። ተቆጣጣሪዎ ደጅ ቆሞ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጦ፣ ከጭስ ማውጫው ምንም እንደማይወጣ አይቶ፣ ለአካባቢ ጥበቃ አርአያ የሆነ ቤት ብሎ መዘገበን። ብቻ በዚያ ብርድ የእኛ የአፍ ትንፋሽ እንኳ እየታየ፣ ቀኑን ሙሉ ጋዝ የሚያነድደው ማሽን ትንፋሽ የት እንደገባ አልጠየቀም። ዕቃ ተጠቅልሎበት በመጣ የጋዜጣ ቁራጭ እንዳነበብኩት፣ እንዲህ ያለው ጭስ መውጫ ሲያጣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ይዞ ቤት ውስጥ ይቀራል፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ሰማዩን ስላጸዳንበት መንገድ ደስ ይበልዎት።

፬. የጭስ ማውጫው ቱቦ በባለሙያ እስኪመረመር ማሽኑን እናጥፋው ብለን ስንለምን፣ ካጠፋችሁ ድጎማውን ትመልሳላችሁ የሚል ፈጣን መልስ ስለሰጡን። ባለሙያ ግን በተራችን ይመጣል ተብለናል። የእርሱ ተራ ይቅደም ወይስ የእኅቴ ተራ አልተገለጸልንም።

በታሸገ ቤት ውስጥ ሆና፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜንና ከእንቅልፍ ነቅቶ የመነሣትን ጸጋ የምትመኝ፣
ታዛዥ ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን አጠፋሁ። ፕላስተሩን በቢላ ቀድጄ መስኮቶቹን ከፈትኩ። እኅቴን ደጋግሜ ጠርቼ በመከራ ስትነቃ፣ ደግፌ ጎረቤት ቤት አስገባኋት። ከዚያ ተመልሼ አልጋዋ ላይ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩ፤ የክፍሏንም መስኮት በመመሪያዎ መሠረት መልሼ አሸግሁት። ድጎማውን ሊያስመልሱ ሲመጡ መሽቶብዎት እንዳይንገላቱ፣ እዚያው ያድራሉ። ማሽኑን እኔው አስነሣልዎታለሁ።