ዘመድ ያልኩት ተከራይ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጓሮዬ መሃል ችካል ተተክሎ አገኘሁ። የጎመኑ መደብ ላይ። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ሞላሌ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ የቆየሁት ሦስት ቀን ብቻ ነው። በሦስት ቀን ግቢዬ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀኝ።

መጀመሪያ የመብራት እንጨት ሊያቆሙ መስሎኝ ነበር። ጌታሁን በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነው። ምንድነው ይሄ አልኩት። ቀና አላለም።

"መዝጋቢዎቹ መጥተው ነበር፣ እትዬ። ካርታ ሊሰጥ ነው ተብሎ ግቢ ለግቢ እየለኩ ነው።"

"ችካሉስ?"

"የእርስዎና የኔ ድርሻ ነዋ።"

የኔ ድርሻ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ስፌቱን ቀጠለ።

ጌታሁን ተከራዬ ነው። ይህን አሁን ስጽፈው እጄ ከበደኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ወደ ኋላ እየገለጥኩ አየሁ። "ልጁ" እላለሁ። "ጌታሁን" እላለሁ። አንድ ገጽ ላይ የባሌን ስም ጠርቼ "የአያሌው የወንድም ልጅ" ብያለሁ። ማንም በማያነበው ደብተር! ማንን ነበር የምዋሸው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እንዴት እንደተጀመረ ልጻፈው፤ ምናልባት ይቀለኛል።

የባሌ የአያሌው እናት መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ነበራቸው። በደርግ ጊዜ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። እስኪሞቱ ድረስ በዚያ በር ፊት ላለማለፍ መንገዱን እየተሻገሩ ይሄዱ ነበር። አያሌው ይህን እያየ ያደገ ሰው ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ ማከራየት ተፈቅዶ፣ እኛም መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ጨምረን ቆርቆሮ ስናለብሳት፣ ከግሼ የመጣ ልብስ ሰፊ ልከራይ ብሎ ጠየቀን። አያሌው አየኝ። "ዘመድ ነው እንበል" አለ። "የሟቹ ወንድሜ ልጅ ነው እንበል። ወንድሜ ግሼ ይኖር እንደነበር ሰው ያውቃል።"

እሱ ያለው በፍርሃት ነው። እኔ ያጸናሁት በእፍረት ነው። እናቴ መንገደኛ ሲመጣ መደቡን ለቅቃ መሬት ላይ ትተኛ ነበር። የእሷ ልጅ ለሰው ማደሪያ ዋጋ ጠየቀች ሊባል ነው። የማርያም ማኅበራችን ላይ ሴቶቹ ለተማሪዎች አራት ክፍል የምታከራየውን ጎረቤት ሲያሟት "በእንግዳ የምትነግደዋ" ይሏታል። እኔም አብሬያቸው ስቄያለሁ። ከሁሉም በላይ እኔ ነበርኩ የምስቀው።

ታዲያ ያቺ ክፍል ናት የምታኖረኝ። የአያሌው ጡረታ ለገብስና ለማገዶ እንኳ አይዘልቅም። ልጅ የለኝም። እሷ ከሄደች ሞላሌ እህቴ ቤት ገብቼ ማዕዘን ላይ መቀመጥ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ምዝገባው ቢሮ ሄድኩ። ወጣቱ ጸሐፊ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ዶሴውን ከፈተልኝ። ጌታሁን የአያሌው የወንድም ልጅ፣ በአጎቱ ድርሻ ወራሽ፣ ስድስት ዓመት በግቢው ነዋሪ።

"ሦስት ሰው መስክሯል፣ እናቴ። እኛ የተነገረንን ነው የምንጽፈው።"

ከሦስቱ የጣት አሻራዎች አንዱ የብርቄ ነው።

ብርቄ የአጥር ጎረቤቴ ናት። ሠላሳ ዓመት እሳት ተጫጭረናል። ከቢሮው በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። ደጇ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። እንዝርቷን እንኳ አላቆመችም።

"ምን ብለሽ ነው የመሰከርሽው?"

"ያልሽኝን ነዋ።"

"እኔ ምን አልኩሽ?"

"አንቺ የሺ! የአያሌው ወንድም ልጅ ነው ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም? በፋሲካ በግ ጎትቶ ሲመጣ 'ዘመድ እንዲህ ነው' ብለሽ በአጥር ላይ የጮህሽብኝ ማነው? እኔ ከየት ልወቀው?"

በጉ የሦስት ወር ኪራይ ነበር። አልነገርኳትም።

"ታዲያ ዘመድ አይደለም?" አለችኝ እንዝርቷን አቁማ።

ፊቴን አዙሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጓደኛዬ ከዳችኝ ብዬ ላለቅስ ነበር የሄድኩት። ያለቀስኩት ግን በሌላ ነገር ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ውርጩ የጎመኑን ቅጠል አቃጥሎታል። ችካሉ ብቻ ነው ቆሞ ያለው።

ማድረግ ያለብኝ፦
መምሬ ጥላሁን ዘንድ መሄድ። (ሄጃለሁ። የንስሐ አባቴ ናቸው፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ ጌታሁን የአያሌው ዘመድ መስሏቸው ነበር።)
ለማኅበሩ ጌሾ መውቀጥ። ለሃያ አንድ ተረኛዋ እኔ ነኝ።
ከጌታሁን ጋር አለመጨቃጨቅ።
ማልቀስ ማቆም።

መምሬ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንንም ጠርተዋል። እሱ እውነት ዘመድ ከሆነ የደጀ ሰላሙን በር ይዞ ይማል፣ አንቺ ደግሞ የምታውቂውን በሰው ፊት ተናገሪ አሉኝ። በሰው ፊት። ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ አሏት።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልጻፍ።

አያሌው የሞተ ጊዜ ጌታሁን ሱቁን ዘግቶ ጥቁር ልብሴን ሰፋልኝ። ከዚያም ለራሱ ጥቁር ሸሚዝ ሰፋ። አስከሬኑን ተሸክሟል። ድንኳኑ ውስጥ ከኔ ጎን ቆሞ፣ የመሐል ሜዳ ሰው ሁሉ "እግዜር ያጥናችሁ" እያለ ሲያልፍ፣ እሱ ነበር "አሜን" የሚለው። ሰው ሳያለቅስ እንደዚያ ድምፁ አይዘጋም። በሰባተኛው ቀን የአያሌውን ፎቶ ለመነኝ፣ ሰጠሁት፣ ክፍሉ ውስጥ ሰቀለው። በዚያ ሳምንት "ሰው አለኝ" ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ ባልለውም ብያለሁ።

አሁን ያንን ሳምንት ደግሜ አየዋለሁ። ያኔ ያለቀሰው ለአያሌው ነው ወይስ ለዚህች ጓሮ? ከዛሬ ክፋቱ ይልቅ የያን ጊዜውን ደግነቱን ስላበላሸብኝ ነው የምጠላው።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ሥር መምሬ ጥላሁን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። ሰው አልተበተነም፤ ነገር ሸትቶታል። ጌታሁን ያንኑ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ክርኑ ላይ ነጥቷል። ከኋላው ባለ ጋቢ ሽማግሌ ቆመዋል፣ ከዘመሮ የመጡ ናቸው አሉ። አላወቅኳቸውም።

"የሺእመቤት፣ አስቀድመሽ ተናገሪ" አሉ መምሬ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ደርግን፣ የአያሌውን እናት፣ ሁሉን የሚያስረዳ። አንዱም አልመጣልኝም።

"ተከራዬ ነው። የአያሌው ወንድም ልጅ ነው ያልኩት ውሸት ነው።"

ከኋላ አንዱ "አይ እትዬ የሺ! በዘመድ ስም ኪራይ!" አለ። ሳቁ። ሌላዋ ደግሞ "ዘመድ ቢሆንማ ይብስ ነበር፣ ከወንድም ልጅ ኪራይ መቀበል!" አለች። በዚህም ብዞር በዚያም ብዞር ጥፋተኛ ነኝ።

መምሬ እጃቸውን አነሱ።

"ለምን ዋሸሽ?"

"አፍሬ ነው አባ።"

"በምን?"

"ቤት በማከራየቴ።"

"የሰው ቤት ነበር?"

"የኔው ነው።"

"ታዲያ በገዛ ቤትሽ ምን አሳፈረሽ?"

ሰዉን ዞሬ አየሁት። የሳቁት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ከመካከላቸው ጓዳቸውን ለተማሪ የሚያከራዩ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ። ስማቸውን ልጠራ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"ጌታሁን፣ የአያሌው የሥጋ ዘመድ ከሆንክ በሩን ይዘህ ማል" አሉ መምሬ።

በእኛ ዘንድ ወረቀት የሚክድ ሞልቷል። ይህን በር ይዞ የሚዋሽ ግን አላየሁም። ጌታሁን ተራመደ። እጁን ዘረጋ። ስንዝር ያህል ሲቀረው ቆመ። የመርፌ ጠባሳ ያለባቸውን ጣቶቹን አጥፎ እጁን መለሰ።

"አልምልም" አለ።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ እንደ ወትሮው በአንቱታ፣ "እትዬ፣ ዘመድ ያደረጉኝ እኮ እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ባለ ጋቢው ሽማግሌ ቀረቡ። "ከአጎቴ የወረስኩት ቤት አለኝ ያልከኝስ?"

"ለተከራይ ልጅዎን አይሰጡኝም ነበራ፣ አባባ!"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሄዱ። ጌታሁን ያጫት ልጅ አባት ናቸው። ሊያገባ መሆኑን እንኳ አልነገረኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

እሱም በእፍረት ነው። ማከራየት አሳፈረኝ፣ መከራየት አሳፈረው። የኔን ውሸት ወስዶ በልኩ ሰፋው።

ይህን ሳስብ አዘንኩለት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ሽማግሌ ልኬለት፣ ራሴም ዘመሮ ድረስ ሄጄለት... ምን ብዬ ነበር የምሄደው? የአጎቱ ሚስት ነኝ ብዬ?

ገበያ ደርሼ ስመለስ የስፌት መኪናው ከበረንዳው የለም። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ተጠርጓል። ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ችካሉ ተነቅሎ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል፣ ቀይዋ ጨርቅ ተፈትታ አራት ታጥፋ ከላዩ ተቀምጣለች። ጨርቅ ሳያጥፍ መተው አይሆንለትም።

የአያሌው ፎቶ ግን የለም። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

አንድ ሰው ሊቀማኝ የነበረውን ሁሉ ትቶ የባሌን ፎቶ ለምን ይወስዳል? ረስቶት ነው እንዳልል ከምስማር የሚወርድ ነገር ተረስቶ አይወሰድም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

መምሬና ምስክሮቹ የተመዘገበውን ቃል ሊያስለውጡልኝ ወደ ምዝገባው ቢሮ አብረውኝ ሄዱ። ጸሐፊው ዶሴውን ገልጦ "ተሰርዟል እኮ" አለን። "ሰኞ ጠዋት ራሱ መጥቶ ነው ያሰረዘው። አውቶቡስ እንዳያመልጠው እየተቻኮለ ነበር።"

ብርቄ "ይኸው፣ ልጁ ክፉ አይደለም" አለች።

አፏን ልመታት ቃጣኝ። ክፉ ቢሆንልኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ነን። እኔን ጨምሮ የተገኘነው ሰባት ነን።

ዳቦውን ለአሥራ ሁለት ነበር የጋገርኩት። አምስት ሰው ያልተቀመጠበት መደብ እንዴት ሰፊ ነው። መምሬ ጸልየው ጽዋው ሲዞር፣ ከሴቶቹ አንዷ ጠላዋን ከአፏ አድርሳ መለሰችና "ይሄ በኪራዩ የተጠመቀ ነው?" አለች፣ ቀልድ ለማስመሰል።

እኔ ሳልተነፍስ ብርቄ ቀደመችኝ። "አንቺ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስትጠጪ በዝናብ ውሃ የተጠመቀ መስሎሽ ነው?"

ተሳቀ። ጠጣችው።

ሲወጡ ያቺው ሴት ወደኋላ ቀርታ ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ። "የሺ፣ የኔዋ የጓዳ ክፍል ዝም ብላ ነው የተቀመጠች..." አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ለሰው ሳይሰማ እንዴት ነው የሚደረገው?"

"ለሰው ተሰምቶ ነው የሚደረገው" አልኳት። ደስ ብሎኝ አይደለም የመለስኩላት፤ ደክሞኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

እሁድ በካርቶን ላይ ጽፌ የመንገዱ በር ላይ ሰቀልኩት፦ የሚከራይ ክፍል አለ። ፊደሉን ሁለት ጊዜ አደመቅኩት። ከዚያ ቤት ገብቼ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያነበዋል ብዬ ስሳቀቅ ዋልኩ። ሦስት ሰዎች ቆመው አነበቡ። ከሳቁ አልሰማሁም።

ዛሬ አንዲት ነርስ መጣች። ከደብረ ብርሃን ተዛውራ፣ ገና ብርዱን ያለመደች። ክፍሉን ወደደችው። ውል ልንጽፍ ነው ስላት ገረማት፤ እኔንም ገረመኝ። በሁለት ቅጂ ጻፍኩት። ብርቄን ለምስክርነት ጠራኋት። ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል ቆመች።

"አሁንስ የምመሰክረውን አንብቢልኝ" አለች።

አነበብኩላት። አከራይ የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። ብርቄ እንዳልሰማች ሆነች። አሳረፈች።

ልጅቷ እቃዋን እያስገባች "ሰው የእርስዎ ምን እንደሆንኩ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?" አለችኝ። ደግ ፊት አላት። የአያሌው እህት ልጅ ትመስላለች ሊባል ይችላል። ይህን ማሰቤ አስደነገጠኝ።

"ተከራይ ነኝ በያቸው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

እትዬ አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ ክፍሉን አንዴ በዓይኗ ዞረችና ካፖርቷን አውልቃ፣ ሳትጠይቀኝ፣ እዚያው ምስማር ላይ ሰቀለችው።