በአንድ ሰከንድ የተጋጩ ሁለት ፋይሎች፦ የእትዬ አይደገም የሕይወት ታሪክ

ባልደረቦቻቸው እትዬ አይደገም የሚሏቸው ታላቅ እህታችን ከመዝገብ ጸሐፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በኅዳር ወር 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች በኩር ስለነበሩ እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለውም ተቆጥተውም አሳድገውናል።

በሒሳብ ትምህርት ተመርቀው በ1978 ዓ.ም. ለሆስፒታሎች ፕሮግራም በሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጠሩ። በ1980 ዓ.ም. ከመምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ሥራቸውን ብዙዎቻችን ስላልተረዳንላቸው እዚህ መናገር ግድ ይላል። ኮምፒውተር ያላለቀ ሥራውን በጊዜያዊ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ሁለት ሥራዎች ለፋይላቸው አንድ ዓይነት ስም ከሰጡ አንዱ በሌላው ላይ ይጽፍበታል። በ1981 ዓ.ም. እህታችን ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚገለገሉበትን፣ የማይደገም ስም የሚያወጣውን ክፍል ጻፉ። ስሙ ተይዞ እንደሆነ ጠይቆ ኋላ ፋይሉን መፍጠር አይበቃም፣ በመሀል ሌላ ሊቀድም ይችላል ብለው መጠየቁንና መፍጠሩን አንድ እርምጃ አደረጉት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ፋይል አልተጋጨም። ለዚህም አንድ ቀን እንኳ እጅሽ ይባረክ ያላቸው የለም።

በ1997 ዓ.ም. የተሾሙት የክፍል ኃላፊ ግን ይህ ነገር ረዘመ፣ ዘገየ አሉ። የፋይሉ ስም ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ብቻ ይሁን ብለው አዘዙ። እህታችን ሁለት ሥራ በአንድ ሰከንድ ቢመጣስ ብለው በቃልም በጽሑፍም ተቃወሙ። ኃላፊው "ይሄ በመቶ ዓመት አንዴ የሚሆን ነው፤ ነገር አታብዢ" ብለው ራሳቸው ቀየሩት።

መቶ ዓመቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሁለት የደም ምርመራዎች በአንድ ሰከንድ ገቡና የአንዲት ልብስ ሰፊ ውጤት በሌላ ሰው ውጤት ተተካ። ሴትየዋ ያልያዛቸውን በሽታ መድኃኒት ሦስት ሳምንት ዋጡ። ሲጣራ በፕሮግራሙ አናት ላይ የሚነበበው የእህታችን ስም ስለነበር ጥፋቱ በእሳቸው ተላከከ። የተቃውሞ ጽሑፋቸው ከማኅደር ጠፋ። ኃላፊው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ስለ ለውጡ አላውቅም አሉ። እህታችን ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ክፍል ተዛወሩ።

ልብስ ሰፊዋን ቤታቸው ድረስ ሄደው አገኟቸው፤ የሆነውን ሁሉ አስረዷቸው። ሴትየዋ የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ "እኔም የሁለት ደንበኛ ጨርቅ ላይ አንድ ቁጥር ብለጥፍ የአንዱን ለሌላው እሰጣለሁ፤ ይሄ ምኑ ይከብዳል?" አሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰው አልገባኝም ያለው ነገር ለእሳቸው ወዲያው ገባቸው።

እህታችን ማስጠንቀቂያው ይነሣልኝ ብለው ዘጠኝ ማመልከቻ አስገቡ። ለአንዱም መልስ አላገኙም። የጻፉት ክፍል ግን በዝምታ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ዛሬም እየሠራ ነው። ይህ ያንገበግበናል። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው አልወጣም።

በልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አምስት ታናናሾቻቸውን በሐዘን ጥለውን ሄደዋል። ፈጣሪ በሕይወታቸው የተነፈጉትን ፍርድና ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን።

የቀድሞው የክፍል ኃላፊ ስለ እህታችን ጥቂት ለመናገር ጠይቀው ነበር። ቤተሰቡ ፈቅዷል። ይህ ንባብ አልቋልና፣ ይምጡና ይናገሩ።