ያልዳበስኩት ድብዳብ

ኅዳር 11

የኬሚስትሪ ፈተና ተመለሰ። ከአሥር ስድስት። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ደህና ነው፣ አይዞህ» አለኝ። ስድስት ለሌላ ልጅ ደህና አይደለም። ለእኔ ግን ሰሞኑን ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ከኩልመስክ ትምህርት ቤት እስከ ቤታችን አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ከወንድሜ ከደሳለ ጋር እየተሟገትን ስንሄድ አጭር ነበር። እሱ አሥራ ሁለተኛ፣ እኔ አሥረኛ። ስለ ምን እንደምንሟገት እንኳ አሁን አላስታውስም... ስለ ኳስ መሰለኝ።

እማዬ ባቄላ ስትለቅም ደረስኩ። «ብላ» አለችኝ። በላሁ።

ፈረሳችን ቦራ ጓሮ እንደታሰረ ነው። ጋማውን ጭጎጎት ወርሶታል፣ ጭራው ተቋጥሯል። ማንም አይነካውም። ድርቆሽ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እሱም ራቅ ብዬ፣ ወርውሬ። ሲያየኝ አንገቱን ያነሣል። ምነው ባያነሣ።

ደሳለ ከሞተ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀኑ።

ኅዳር 15

የደሳለ ዓርባ። ከነቢያት ጾም መግቢያ ጋር ስለገጠመ በሬ አልታረደም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጠላ። ቅር ያለው ሰውም ነበር... ይህን መጻፍ የለብኝም።

ዳሱ ውስጥ የፈረሱ ነገር ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ሰው የገደለ ፈረስ ግቢ ማደር የለበትም አሉ። ገፊ ነው፣ አንዱን ገፍቶ አይበቃውም፣ ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሌላው ጋሸና ወስዶ ለጋሪ መሸጥ ነው አለ። አባዬ ያኔ ተናገረ።

«የሰው ልጅ እንደሚገድል እያወቅሁ ለሰው አልሸጥም። ጫፉ ላይ እለቀዋለሁ።»

ጫፉ ማለት ከመንደራችን በላይ ያለው ገደል አፋፍ ነው። ያረጀ አህያ፣ እግሩ የተሰበረ በቅሎ እዚያ ይለቀቃል። ሥጋው አይበላ፣ በእጅ መግደሉ ደግሞ ለሰው ይከብዳል፤ ስለዚህ ለጅብ። ሰዎቹ ጥሩ አስበሃል አሉት። እውነትም ደግ ሰው ነው አባዬ። ለሰው ልጅ አስቦ ነው።

እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። መቅዳቴን ቀጠልኩ።

እዚህ ልጻፈው እንግዲህ። ሌላ የምነግረው የለም።

ጥቅምት 6። የወጣቶች ፈረስ ቡድን ልምምድ። ደሳለ ጋላቢ፣ እኔ አሰናጂ። አሰናጂ ፈረሱን ይጠርጋል፣ ሰኮናውን ያጸዳል፣ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ደግሞ ጀርባውንና ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ በባዶ እጁ ይዳብሳል። ድብዳቡን ከዋዜማው አጥቤ የቀጋው አጥር ላይ አስጥቼው ነበር። ጠዋት አንስቼ እንዲሁ ጫንኩት። በሰው ስልክ ኳስ ሳይ አምሽቼ አርፍጄ ነበር። ደሳለ እርካቡን እየረገጠ «ዳብሰኸዋል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ሜዳው መሐል ፍጥነት ሲጨምር፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ሲጥል፣ ቦራ ዘለለ። ደሳለ ድንጋይ ላይ ነው የወደቀው። በጭንቅላቱ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲሮጥ እኔ ፈረሱን ያዝኩ። ለምን ወደ ወንድሜ አልሮጥኩም? ኮርቻውን ሳወርድ ድብዳቡ ላይ የቀጋ እሾህ ተሰክቷል። ጀርባው ላይ ደም። ነቀልኩት። ጣልኩት። ማንም አላየኝም።

ታዲያ ገፊው ማነው?

ኅዳር 16

እማዬ ለምን አትበላም ትለኛለች። ጾም ነው አልኳት።

ኅዳር 22

ዶክተር ሀቢብ መጡ። የእንስሳት ሐኪም ናቸው፣ ቡድናችንን የሚያሠለጥኑትም እሳቸው ናቸው። ውድድሩ ጥር 18 ላሊበላ ነው። አንድ ቡድን ሦስት ፈረስ ካላሟላ አይገባም። ያለን ሁለት። ቦራን ሊለምኑ ነው የመጡት።

ፈረሱን ከሩቅ ዞር ዞር ብለው አዩት። ክፉ ፈረስ አይደለም፣ ሰው ርቆት የተጨነቀ ነው አሉ። አባዬ በመጨረሻ እሺ አለ።

«እስከ ጥር ውሰዱት። ከውድድሩ በኋላ ግን ወደ ጫፉ ነው።»

ማን ያሰናዳው ሲባል ዶክተሩ «ኪዳን ያውቀዋል» አሉ። እማዬ ከውስጥ ሰምታ «አንዱ አልበቃውም?» አለች። ዶክተር ሀቢብ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ ሳልኖር ፈረሱ ጋ አይደርስም፣ ወላሂ፣ አሏት። እሺ አላለች። እምቢም አላለች።

እኔ እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ሁለት ወር ተጨመረለት... ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ?

ኅዳር 29

ዛሬ ነካሁት።

ዶክተር ሀቢብ ምንም እንደማላውቅ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ገመዱን በአንድ ሳብታ በሚፈታ ቋጠሮ እሰር። እጅህ ላይ አትጠምጥመው። በግራ ትከሻው በኩል ቅረብ፣ እያናገርከው። በኋላው ስታልፍ ወይ ተጠግተህ እጅህን ቂጡ ላይ አድርግ፣ ወይ በጣም ራቅ። መሐሉ ነው የሚያስመታህ። ሰኮናውን ስታጸዳ አትንበርከክ፤ መሸሽ አትችልም።

በገለባ እፍኝ አሸሁት። አቧራው ቦነነ። ጭጎጎቱን አንድ በአንድ ለቀምኩ። እየተንቀጠቀጠ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ተወው።

መጨረሻ ላይ ብሩሹን ከእጄ ወሰዱ። ብሩሽ ያላየውን መዳፍ ያየዋል አሉኝ። እጄን ይዘው ጀርባው ላይ አስኬዱት። ኮርቻ የሚያርፍበት ጋ ስንደርስ ቆሙ። ምስር የምታህል ጠባሳ።

«ይቺ ምንድናት?»

«አላውቅም።»

ይኸው ሁለተኛው ውሸት። ከመጀመሪያው ቀለለኝ፣ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ታኅሣሥ 8

ቦራን የምትጋልበው ማኅሌት ናት፣ የክፍላችን ልጅ። ዛሬ ጋማውን ስጎነጉን ቆማ አየችኝና «የራስህን ፀጉር እንዲህ ብታበጥር እናትህ እልል ትል ነበር» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ስለሳቅሁ ቀኑ ተበላሸብኝ።

ልትወጣ ስትል ልጓሙን ይዛ ቀረች።

«ደሳለን ለምን ጣለው?»

«ደንግጦ።»

«ከምን?»

«እኔ እንጃ።»

«የምቀመጥበት እኮ እኔ ነኝ፣ ኪዳን።»

ድብዳቡን ሦስት ጊዜ ዳብሻለሁ አልኳት። ያልጠየቀችኝን መለስኩላት። ወጣች። እስክትመለስ ድረስ ቆሜ ቆጠርኩ... ምን እንደቆጠርኩ እንጃ። በደህና ተመለሰች።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን መምሬ ገብረ ሊባኖስን ጠብቄ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ከተናገርኩ ሰማዩ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስግደት ሰጡኝ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ቀለለኝ ብዬ ልሄድ ስል መልሰው ጠሩኝ።

«ለእግዚአብሔር ነግረሃል። እሱ ቀድሞም ያውቅ ነበር። የማያውቀው አባትህ ነው።»

ይነግሩልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሳቸው እንደማይነግሩ ግን ነገሩኝ።

ጥር 2

ነገ እነግረዋለሁ።

ጥር 3

አልነገርኩትም። ለከብቶቹ ጭድ አብረን ተሸከምን። ብቻችንን ነበርን። ሁለት ሰዓት ሙሉ።

ጥር 17

ላሊበላ ገባን። ፈረሶቹን እየሳብን ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። የቡድኑ አለቃ አዳም ነው፣ ከሁላችንም ይበልጣል። ስንቁንና የፈረሶቹን ድርቆሽ ቦራ ላይ ጫነው። ነገ የሚወዳደር ፈረስ ላይ ጭነት አይጫንም አልኩት። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ አይሰማውም አለኝ። ተውኩት። ለምን ቶሎ እተዋለሁ?

ጥር 18

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ዳኞቹ የፈረሶቹን አያያዝ አዩ። ግማሹ ነጥብ የአሰናጂዎቹ ነው። ሰኮና አስነሡ፣ ቋጠሮዬን ስበው ፈቱት፣ በነጭ ጨርቅ አንገቱን ጠርገው ጨርቁን አዩት። ንጹሕ። ጀርባውንም ዳበሱ፣ ምንም አልነበረበትም። አዳም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንደኛ ነን አለ።

ግልቢያው ከሰዓት በኋላ ነበር። ድብዳቡን ዳበስኩ፣ ንጹሕ ነው። ጀርባውን ዳበስኩ። ከጠባሳዋ ጎን አበጥ ብሏል። ይሞቃል። ጠዋት ያልነበረ... የትናንቱ ጭነት አሁን መውጣቱ ነው። ጫን ሳደርገው ቦራ ጀርባውን ከእጄ ሸሸ።

ዶክተር ሀቢብ ከዳኞቹ ጋር ሜዳው ማዶ ናቸው። ለአዳም አሳየሁት። ዳበሰው፣ ዙሪያውን አየ።

«ዳኞቹ አልፈውታል። የኮርቻው ልብስ፣ ግላሱ፣ ይሸፍነዋል። ሦስት ደቂቃ ግልቢያ ናት።»

«አይጫንም።»

«ሁለት ፈረስ ይዘን ልንቀር ነው? ለዚህ ነው ከኩልመስክ የመጣነው? ወንድምህን ለገደለ ፈረስ ጠበቃ ሆንክለት?»

ኮርቻውን አንስቼ ይዤ ቆምኩ። ማኅሌት ደረሰች። «ምን ሆኗል?» አለች። እጇን ወስጄ እብጠቱ ላይ አደረግሁት። ወዲያው ገባት። አዳምን «እኔ አልወጣም» አለችው። ሰደበን፣ ሁለታችንንም። በኋላ ዶክተር ሀቢብ መጥተው ዳብሰው ቡድኑን ከውድድሩ አስወጡት። አዳም አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሌሎቹ ቡድኖች ሲጋልቡ ከማኅሌት ጋር ሜዳው ዳር ካለ ግንብ ሥር ተቀመጥን። ነገርኳት። አጥሩን፣ እሾሁን፣ «አዎ» ያልኩትን።

የምታባብለኝ መስሎኝ ነበር።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለች። «የምቀመጥበት እኔ ነኝ ብዬህ ነበር። ከወር በላይ!»

ተነሥታ ሄደች። ትንሽ ርቃ ቆመች፣ ሳትዞር፣ ለማንም አልናገርም፣ የመናገሩ ፋንታ ያንተ ነው አለች።

ጥር 20

ትናንት ተመለስን። ዛሬ በጠዋት አባዬ ገመድ አንስቶ ወደ ጓሮ ሄደ።  የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ፊቷን አዞረች።

ተከተልኩት። የቦራን ገመድ ሲፈታ ከፊቱ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋብኝ። እሾህ ነበር አልኩ። ድብዳቡ ላይ እሾህ ነበር፣ አጥሩ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ፣ አልዳበስኩትም፣ አይቼ ጣልኩት... እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ መጨረሻውን አስቀድሜ።

አባዬ ገመዱን እንደያዘ ቆመ።

«ጠይቆህ ነበር? ደሳለ... ጠይቆህ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አልከው?»

«ዳብሼዋለሁ አልኩት።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። እዚያው፣ ፍጉ ላይ። ፈረሱ ቁልቁል ያየው ጀመር። አባዬ መትቶኝ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ እስክትወጣ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ቦራን መልሶ አሰረው።

«ፈረሱን አልለቀውም» አለ። «አንተን ግን እንዴት አድርጌ እንደማይህ አላውቅም።»

ጥር 23

እማዬ ሰምታ እንደ አዲስ አለቀሰች። ጎረቤቶች ሌላ መርዶ የመጣ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ምንም አልነገረቻቸውም። ምሳዬን ታቀርብልኛለች። እጇ ግን ቶሎ ይመለሳል።

አባዬ አያናግረኝም። እኔ ስገባ ይወጣል። ጠልቶኝ ሳይሆን... መቀመጥ የማይችል ይመስላል።

ጥር 30

አዳም መንገድ ላይ አገኘኝ። አለፈኝ። ማኅሌት ደብተር ስጠይቃት ሰጠችኝ። አላወራችም፣ ግን ሰጠችኝ።

የቦራ እብጠት ጎደለ። በቀን ሁለቴ በጨውና በለብ ያለ ውሃ አጥበዋለሁ።

የካቲት 7

እንግዳ መጣ። የአባዬ የአክስት ልጅ፣ አቶ ተክለ ሚካኤል፣ ከሙጃ። ታመው ተኝተው ስለነበር ለልቅሶው አልደረሱም። ገና ከበሩ ሲገቡ አለቀሱ። እማዬም አለቀሰች። ከዚያ ተቀመጡና በበሩ በኩል ቦራን አዩት። ያ ገፊ ይሄ ነው ወይ፣ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል አሉ።

«ፈረሱ ምንም አላደረገም» አለ አባዬ።

«ታዲያ ልጁ በምን ሞተ?»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ከጥር 20 ወዲህ አይቶኝ አያውቅም። ራሱ ሊነግራቸው ይችል ነበር። የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ሊያልፈውም ይችል ነበር። ጠበቀኝ።

ቆሜ ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ግን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ድብዳቡን ከማጠቤ፣ ኳስ ሳይ ከማምሸቴ። ደሳለ እርካብ ላይ ሆኖ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን። አቶ ተክለ ሚካኤል በጋቢያቸው አፋቸውን ያዙ። እማዬ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። 

«ኪዳን» አለ አባዬ። «ለአጎትህ የእጅ ውሃ አምጣ።»

አመጣሁ። አስታጠብኳቸው። ልዞር ስል አባዬም እጁን ዘረጋ። አፈሰስኩለት።