ነፋስ ስለማይገባበት የነፋስ ማማችን፣ በአክብሮት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኢንጂነር ሙሐና ቢን ሰዒድ
የ«ቅርሳችን ቤታችን» የቤተሰብ ቤቶች ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

የተከበሩ ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? የአላህ ሰላም በእርስዎ፣ በቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የቤታችንን ፕላን በነደፈችው እጅ ላይ ይሁን። ሙሉ ጤና ይስጥዎ፤ በተለይ ወገብዎን ይጠብቅልዎ። ወገብ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ሲያነቡ ይደርሱበታል።

እኔ በአዲሱ የነኽላት ሰፈር የምኖር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ሙዝና ቢንት ኸልፋን ነኝ። አባቴ «ለትልቅ ሰው እንዲህ አይጻፍም» ብሎኛል። እኔ ግን የምጽፈው ምስጋና ብቻ ስለሆነ የሚቆጣኝ ይኖራል ብዬ አልሰጋም።

፩. በጣሪያችን መሃል ስለተከላችሁልን፣ ነፋስ ስቦ ቤት ያቀዘቅዛል ስለተባለው የነፋስ ማማ እናመሰግናለን። በራሪ ወረቀታችሁ «የአባቶቻችንን ጥበብ ለልጆቻችን የሚያወርስ» ይለዋል። አያቴ ዙወይና በዚህ ተራራ ሥር የኖሩት አባቶቻችን የነፋስ ማማ አይተው እንደማያውቁ፣ ማማውም የባሕር ዳር ሰዎች እንደሆነ ብትናገርም፣ የሰው አያት ተውሶ መኩራት ለእኛ አዲስ ጥበብ ነው። አራቱም ጎኑ በሲሚንቶ ስለተደፈነ ነፋስ አይገባበትም። ርግቦች ጎጆ ሊሠሩበት መጥተው፣ ዙሪያውን ዞረው፣ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል።

፪. ሰብላ ስለምንለው የእንግዳ ክፍልም እናመሰግናለን። ከቤቱ ሰፊውንና ቀዝቃዛውን ክፍል ለማይኖርበት ሰው መስጠታችሁ ባህላችንን ማወቃችሁን ያሳያል። አባቴም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር፤ መከዳው ላይ ቁጭ ካልኩ «አንቺ! ተነሺ፣ እንግዳ ቢመጣስ?» ይለኝ ነበር። በድሮው የጭቃ ቤታችን ሰብላው የራሱ የመንገድ በር ነበረው፤ እንግዶች ወንዶች በዚያ ገብተው በዚያ ይወጣሉ፣ ሴቶቹም በቤታቸው እንደ ልባቸው ይሆናሉ። በእናንተ ቤት ግን ከማድ ቤት የሚያስወጣው መተላለፊያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሰብላው አፍ ላይ ያልፋል። ይህን የነደፈው ሰው ምግብ በራሱ ተራምዶ የሚቀርብበት ቤት ያደገ መሆን አለበት።

፫. ስለ ጉብኝታችሁ። እንደሚያስታውሱት፣ ወንድሜ ሰይፍ ሊያገባ ስለሆነ ከሙሽሪቱ ጋር የሚኖርበት አንድ ክፍል ጣሪያው ላይ እንድንሠራ ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ በራሪ ወረቀታችሁ «ከቤተሰቡ ጋር የሚያድግ ቤት» ይላልና። ነገሩ የምቾት ብቻ አልነበረም። አያቴን በየጠዋቱ ከአልጋዋ አቅፎ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ የሚያስቀምጣት ሰይፍ ነው። የአባቴ ወገብ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እናቴና እኔ አንድ ጊዜ ሞክረን ሦስታችንም ልንወድቅ ነበር። ሰይፍ ዋና ከተማችን መስከት ቤት ተከራይቶ ከሄደ አያቴ ሱር ከተማ ወዳለችው አክስቴ ልትላክ ነበር። ይህን ስትሰማ «ሻንጣ ነኝ እንዴ?» ብላ አኮረፈችን።

ኮሚቴው ሊያይ መጣ። እናቴ፣ አክስቶቼ፣ አያቴና እኔ ማድ ቤት ሆነን ሩዙን ስናወጣ እናንተ ሰብላው ውስጥ ተደላደላችሁ፤ እኛም በእንግዳ ወንዶች ፊት ማለፍ ስለማንችል ማድ ቤቱ ውስጥ ታገትን። ሥጋውን በላችሁ፣ ተምሩን በላችሁ፣ ሐልዋውን አጣጣማችሁ፣ ከዚያም ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው ዐስር ሶላት ድረስ የቤቱን ጥራት ለባለቤቱ አስረዳችሁ። አያቴ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጋ ነበር። አክስቴ ናስራ በጆሮዋ «ትንሽ ቻይው እማዬ፣ ሊሄዱ ነው» ስትላት፣ «እነዚህማ ሳይወርሱን አይሄዱም» አለች፤ ሳቃችንን በፎጣ አፈንን። ያኔ ነው የእርስዎን ድምፅ የሰማሁት፦ «ማሻአላህ! እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! የቤተሰቡ ገመና እንዴት ተጠብቋል!»

ክቡር ሆይ፣ ያ ጸጥታ የፕላኑ አልነበረም፤ የእኛ የታፈነ ትንፋሽ ነበር። አያቴ እስክትወጡ አልቻለችም። ቀሚሷን የቀየርኩላት እኔ ነኝ። ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ጻፊው፤ ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው» አለችኝ።

፬. ስለ ውሳኔያችሁ። ለክፍሉ ቦታ ማማው መነሣት ስላለበት፣ «ቅርስ ማፍረስ አይፈቀድም» ብላችሁ ጽፋችሁልናል። ቅርሱ ከስልኬ በአንድ ዓመት ስለሚበልጥ እኛም አክብረነዋል።

ሆኖም ቤታችሁ በእርግጥ ከቤተሰቡ ጋር አደገ። የአያቴ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየ፤ ሄዶም የሰብላውን መከዳዎች በዚያ ወገቡ እየተሸከመ ማውጣት ጀመረ። «አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?» ሲለው ሰይፍ፣ «አልጋህን አምጣ፣ አትለፍልፍ» አለው። አሁን ሰብላው የሙሽሮቹ ነው። አያቴም እዚሁ ናት፤ በየጠዋቱ ወንበሯ ላይ ሆና «ይህ የባሕር ሰው ማማ አልወደቀም?» ብላ ትጠይቃለች።

አባቴ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በአገራችን እንግዳ መቀበያ የሌለው ሰው ሆነ። ጓደኞቹን የሚቀበለው ደጅ በቆመው ፒካፑ ውስጥ ነው፤ የተምሩን ሣጥን ከመሪው ፊት ለፊት ያስቀምጣል። «አቡ ሰይፍ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ልትወስደን ነው?» እያሉ ያሾፉበታል፤ አብሯቸው ይስቃል። እነሱ ሲሄዱ ግን ቶሎ አይወርድም። መሪውን ይዞ፣ የትም ሳይሄድ፣ እዚያው ይቀመጣል።

በጣሪያችን ላይ ባለው ሲሚንቶ ልክ የጸናውን አክብሮቴን ከእግርዎ ሥር አኖራለሁ፤ የነደፉልንን ቤት የሚመስል ቤት አላህ ለእርስዎም እንዲሰጥዎ ዘወትር የምትለምን፣

ትሑት ልጅዎ
ሙዝና ቢንት ኸልፋን

ማስታወሻ፦ በድጋሚ ሊጎበኙን ቢያስቡ ቤታችን ቤትዎ ነው። የፒካፑ መቀመጫ ጠባብ ስለሆነ ግን ኮሚቴው ተራ በተራ ይምጣ። መስኮቱ ይከፈታል፤ በሰፈራችን ነፋስ የሚያስገባ ማማ እሱ ብቻ ነው። ሽንት ቤት ግን የለውም፤ ትንሽ ይቻሉት።