የኤደን መንጃ ፈቃድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6። ከምሳ በኋላ።

ዛሬም መ/ፈቃድ ቢሮ። ዛሬም ሰልፍ። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ጋዜጣውን አንብቦ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ተራዬ ደረሰ። የውጭ መንጃ ፈቃድ በአገር ውስጥ የሚለውጠው ሹም ጓድ ግርማ ይባላል። መንጃ ፈቃዴን ገለበጠው፣ አዘቀዘቀው። ዐረብኛው ከየት እንደሚጀመር አሳየሁት። ትርጉሙ ማኅተም ተደርጎበት ከላዩ ተያይዟል። ለዚያች ማኅተም ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አንተ ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ።

«ኤደን? አዳምና ሔዋን የተባረሩበት?»

የመን ያለው ነው አልኩት። ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ኢትዮጵያዊት ነሽ ወይስ የውጭ ዜጋ? ፓስፖርቴ የየመን። የመኖሪያ ፈቃዴም የውጭ ዜጋ ይላል። የቀበሌው ደብዳቤ ግን «የወ/ሮ ደስታ ልጅ፣ ኢትዮጵያዊት»። ሁለቱም ላይ በእርሳስ አሰመረ። ልውውጥ ለውጭ ዜጋ ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊት ከሆንኩ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከሀ ሁ እጀምራለሁ፤ የዘንድሮው ሥልጠና ደግሞ ሞልቷል።

«አንዷን ሁኚና ተመለሽ» አለኝ።

በውይይት ታክሲ ተመለስኩ። ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀምጠን፣ የሚወያይ አንድም ሰው የለም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 9። ጠዋት።

ክሊኒክ ሄጄ ለሲ/ር ዘነበች ነገርኳት። የመካኒሳው ክሊኒክ ኃላፊ እሷ ናት። ሥራውን ቃል የገባችልኝም እሷ። ሾፌራቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ላንድሮቨሩ ቆሟል። ኮፈኑ ላይ ዶሮ ወጥቶ ይተኛል። ክትባቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ከለቡ ማዶ ላሉት ገበሬዎች የሚያደርሰው የለም። ኤደን ሳለሁ አምቡላንስ ነበር የምነዳው። ዓይኗን የጣለችብኝ ለዚህ ነው።

እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቀኛለች። ከዚያ የበላይ መ/ቤቱ መኪናውን ለሌላ ክ/ሀገር ሊሰጠው ነው። አልለመነችኝም። የያዘችውን ፋሻ ጠቅልላ ጨረሰችና፣ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ አለች።

ለእማዬ ገና አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 12።

ቀበሌ። እማዬ ካልሄድኩ ብላ ተከተለችኝ። ሊቀ መንበሩ ጓድ በየነ ደብዳቤውን ሊለውጥልኝ ፈቃደኛ ነው። ግን አንድ ነገር አለ አለ፣ እያፈረ። የውጭ ዜጋ ተብዬ ከተጻፈልኝ በእማዬ የቤተሰብ ካርድ ላይ መቆየት አልችልም። የኅብረት ሱቁ ስኳርና ዘይት ይቀርብኛል። ይቅር። ቤቱ ግን የቀበሌ ቤት ነው። እማዬ አንድ ነገር ብትሆን፣ ካርዱ ላይ የሌለ ሰው ቤቱን አይረከብም።

እማዬ ነጠላዋን አጣፋች።

«ጓድ በየነ፣ ይቺን ልጅ የት ነው የወለድኳት?»

«እዚሁ ነው እትዬ ደስታ። አውቃለሁ እኮ።»

«ታዲያ ማህፀኔ ውጭ አገር ነው?»

ጓድ በየነ ማኅተሙን አገላበጠ። ጸሐፊዋ ታይፕ መምታቷን አቆመች። ደብዳቤው ሳይጻፍ ወጣን።

እስከ ቤት ድረስ ቀድማኝ ሄደች። አንዴም አልዞረችም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 13።

አታናግረኝም። ምሳ ታቀርባለች፣ ታነሳለች።

ይገባኛል። ወይም እንደገባኝ አድርጌ እጽፋለሁ። አባቴ ወደ አገሩ ወደ ኤደን የወሰደኝ ለክረምት ዕረፍት ብሎ ነበር። ትንሽ ተማሪ ነበርኩ፤ አማርኛ ጽሕፈቴ ያኔ በቆመበት ነው የቆመው፣ አንተም ታየዋለህ። ዕረፍቱ አላልቅ አለ። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ እሱን ቀብሬ ነው የተመለስኩት። እንደ መጣሁ እማዬ እጄን ይዛ ቀበሌ ወሰደችኝ፤ ካርዱ ላይ አስጻፈችኝ። ጸሐፊዋ ጽፋ እስክትጨርስ እጄን አልለቀቀችም። እኔ ጉዳዩ የስኳር መስሎኝ ነበር።

ሥራውን ልተወው ይሆናል። ሲ/ር ሌላ ሾፌር ታገኛለች።

አታገኝም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 16። ከሰዓት።

እማዬ ለደም ግፊቷ ቀጠሮ ነበራት። ይዣት ሄድኩ። ወረፋ ላይ ሳለን ከለቡ ማዶ አንዲት ሴት በቃሬዛ አመጡ። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ወንዝ ተሻግረው ነው የመጡት፤ የተሸካሚዎቹ ሱሪ እስከ ጭን ርሷል። ሲ/ር ዘነበች አየቻትና በፍጥነት ሆስፒታል አለች።

እኔ ልንዳ አልኩ፣ ፈቃዱ ገደል ይግባ። ሲ/ር ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። አዞርኩት። ጭጭ። ቆሞ የከረመ መኪና፤ ባትሪው ሞቷል። ተሸካሚዎቹ ገፉልኝ፣ ዘበኛው ገፋ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳይቀሩ ገፉ። አጉረመረመና ሞተ። ደግመን ገፋን። ሞተ። በመጨረሻ ድንጋይ የጫነ መኪና ከመንገድ አስቁመን ጋቢናው ውስጥ አስገባናት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማዬ መሬት ተቀምጣ የሴትዮዋን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛ ነበር። ቋንቋዋን አታውቅም። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ብቻ ትላታለች።

ምሽት ላይ ወሬው ደረሰን። ሴትዮዋ ተርፋለች። ልጁ የለም።

ጻፍኩት። የምጨምረው የለኝም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 19።

እማዬ በማለዳ ወጥታለች። ሀና ማርያም ልትሳለም መስሎኝ ነበር። ረፋዱ ላይ ተመልሳ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የቀበሌው ደብዳቤ። «የውጭ አገር ዜጋ። በወ/ሮ ደስታ ቤት በእንግድነት የምትኖር።» ካርዱንም አሳየችኝ። ስሜ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል።

ራሷ ሄዳ አሰረዘችኝ።

ምን ብለሽ አልኳት።

«ሰርዟት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?»

ተነስቼ ሳህን ላጥብ ስል ከእጄ ነጠቀችኝ። «እንግዳ ዕቃ አያጥብም» አለች። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ እንቢ አላት። ፊቷን አዙራ ማጠብ ጀመረች።

ጓሮ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 21።

መ/ፈቃድ ቢሮ። ጓድ ግርማ አንዷን ሆንሽ ወይ አለኝ። ሆንኩ። ደብዳቤውን አንብቦ ከፓስፖርቴ ጋር አመሳከረ፤ ቀና ብሎ አየኝና ቀልዱን ተወው። መንዳቴን ፈተኑ። ፈታኙ ዳገት ላይ አስቁሞ አስነሳኝ፣ በጠባብ መንገድ የኋሊት አስኬደኝ። ማክሰኞ ነይና ውሰጂ ተባልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 27።

ወሰድኩ። ዜግነት፦ የመን። ማኅተሙ ግማሽ ፊቴን በልቶታል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደክሞኛል። ቀጥታ ወደ ክሊኒክ። አዲስ ባትሪ ገብቶለታል፤ ዶሮዎቹን አባረርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 29። ጠዋት።

ትናንት የመጀመሪያው ጉዞ። ከለቡ አልፈን፣ ወንዙን በጎማ ተሻግረን። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ጥላ ሥር ጠበቁን። ሲ/ር ዘነበች ትወጋለች፣ እኔ ልጅ እይዛለሁ። አንድ ሽማግሌ ስለ እኔ በኦሮምኛ ጠየቋት፤ የየት ናት ማለታቸው ይመስለኛል። ከመልሷ የገባችኝ አንዲት ቃል ናት፦ መካኒሳ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በቃ።

ስመለስ እማዬ ስለ ሴቶቹ ጠየቀችኝ። ስንት ናቸው፣ ልጆቹ ከስተዋል ወይ፣ ያቺ ሴትዮ አለች ወይ። አለች፣ አየኋት፣ ተቀምጣ ነበር አልኳት። ከዚያ ስለ ቤቱ አነሳች፤ ሳትሞት ስለ ሞቷ ታወራለች። አስቆምኳት። ወስኛለሁ፦ ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ ቢመጣ ያኔ እከራከራለሁ፣ እስከዚያ ግን

በር ተንኳኳ። የክሊኒኩ ዘበኛ ድምፅ ነው። ምጥ ይላል፣ ከለቡ። እማዬ ቀድማኝ በሩ ላይ ናት። «መጣች፣ መጣች!» ትለዋለች፣ እኔን ሳትጠይቀኝ። አንድ ጫማዬን አጥልቄያለሁ። ቁልፉን የት ነው ያ