አባትሽ ሲኒማ ቤት የጮኹ ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለኢንስፔክተር ፑንጎዲ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ጌታ ሙሩጋን ይመስገን፣ ደህና ነን።

እሑድ ከአባትሽ ጋር ቲሩኔልቬሊ ከተማ ወርደን ሰዉ ሁሉ የሚያወራለትን የፖሊስ ፊልም አየን። ኢንስፔክተሩ ብቅ ሲል አባትሽ እንደ ጎረምሳ አፏጩ። ኋላ ሰውየው ወደ ጨለማው መጋዘን ሲያመራ ግን ብድግ ብለው «ብቻህን አትግባ! ጓደኞችህን ጠብቅ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«አባባ፣ አይሰማዎትም እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ።

እኔም ሳቅሁ። እጃቸውን ስይዘው በላብ ርሷል።

በነገራችን ላይ፣ አዲሱ ጣቢያሽ ስንት ሰው አለው? አባትሽ ናቸው የጠየቁት።

ለፊታችን እሑድም ትኬት ቆርጠናል። ሰውየው ከመጋዘኑ በሕይወት እንደሚወጣ ስላወቅን አሁን ረጋ ብለን እናየዋለን።

ራትሽን ሳትበዪ እንዳትተኚ።

ዓይንሽን በናፍቆት የምትስም እናትሽ፣
ማራጋታም